ክርክር፦ ኮሰረት ከአንድ እናት ተክል ብቻ ይባዛ?

አወያይ፦ ጤና ይስጥልን ጅማዎች። የዛሬው ጥያቄ የመጣው ማኅበር መሥርተው መዓዛማ ዘይት ለማንጠር ካሰቡ ልጆች ነው። ጥሩ ዘይት ያለው አንድ ኮሰረት ይመረጥ፣ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ለሁሉም ይታደል፣ ከጫካ መልቀም ይቅር ይላሉ። ምን ትላላችሁ?

የመርካቶ ቅመም ነጋዴ፦ እኔ እስማማለሁ። ጥምዝና ኮረሪማ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። ደንበኛ ሁሌም የሚለኝ «እንደ ባለፈው ዓይነት ስጠኝ» ነው። ከየት ላምጣለት? ጥምዝ ከጫካ ነው የሚለቀመው። አንዱ ጆንያ ሲከፈት ቤቱን ያውደዋል፣ ሌላው ዝም ይላል። ዘይት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ገዢ ዛሬ ያሸተተውን ነገ ካላገኘ አይመለስም። ጫካውስ እስከ መቼ ይችለናል? ድሮ ጫካው ጫፍ ላይ ይገኝ የነበረው ዛሬ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

የዕፅዋት መምህርት፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ያ ያስቸገረህ ልዩነት እኮ ሀብታችን ነው። ኮሰረትን ራሱን እንውሰድ። ቅቤ የምናነጥርበት የጓሮው ኮሰረትና በየዳገቱ የሚበቅለው የዱሩ ከሴ አንድ ዝርያ ናቸው። የሁለቱን ቅጠል ግራና ቀኝ መዳፍህ ላይ እሽት እሽት አድርገህ አሽትተው። የጓሮው ለስለስ ይላል። ዘይቱን የሞላው ሊናሎል የሚባለው ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር ነው፣ በሶብላ ውስጥም አለ። የዱሩ ሽታ ሌላ ነው። ጦስኝም እንዲሁ። አንዱ ታይሞል የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ ሌላው ካርቫክሮል የሚባለው። ደቡብ ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ አካባቢ የሚበቅለው የጦስኛችን ዘመድ ደግሞ በዘር የሚወረሱ 6 የዘይት ዓይነቶች አሉት። ውርጭ የሚበረታበት ቦታ የሚበዙትና ደረቅ ኮረብታ ላይ የሚበዙት የተለያዩ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ውርጩ በመጣ ጊዜ ምን ይተርፍ ነበር?

የመርካቶ ቅመም ነጋዴ፦ እህቴ፣ ልዩነቱ የዘር መሆኑን በምን አወቅሽ? ደጋና ቆላው እኮ ነው የሚለየው። ዝናብ እየመታው የደረቀ ሁሉ ሽታው ይደክማል።

የዕፅዋት መምህርት፦ እውነት ነው። ከፍታው፣ አፈሩ፣ የታጨደበት ወር፣ አደራረቁ፣ ሁሉም ዘይቱን ይለውጡታል። ስለዚህ ከየቦታው የመጣውን አንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ተክሎ ማየት ነው። አንድ ዝናብ መቷቸው፣ አንድ አፈር ላይ አድገው ልዩነቱ ከቀጠለ የዘር ነው። ከጠፋ የቦታው ነበር። ይህን ሳናይ አንዱን ምርጥ ብንለው፣ ምርጡ መሬቱ ይሆንና ተክሉ ሜዳ ላይ ይጥለናል። ደግሞም ከቅርንጫፍ የበቀለ ሁሉ የእናቱ ቅጂ ነው። ሺህ ብትተክል ያው አንድ ተክል ነው። አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

የጎማ ወረዳ ቡና ገበሬ፦ ልጄ እውነቷን ነው። ስለ ዘይት አላውቅም፣ ቡና ግን ኑሮዬ ነው። በፈረንጆቹ 1971 ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ይጠቁርና ይረግፋል። ያወጣን ምንድን ነው? በሽታው መሀል ቆመው ሳይነካቸው የተገኙ እናት ዛፎች ናቸው። የጅማ ግብርና ምርምር ከእነሱ 74110 እና 74112 የተባሉትን የቡና ዓይነቶች አወጣልን። 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1974። አባቶቻችን ሁሉንም ነቅለው አንድ ዓይነት ቢተክሉ ኖሮ እነዚያ ዛፎች ከየት ይገኙ ነበር?

የመርካቶ ቅመም ነጋዴ፦ ጋሼ፣ እሱስ ልክ ብለዋል። ልጆቹ ግን ዘንድሮ እንጀራ መብላት አለባቸው።

የዕፅዋት መምህርት፦ ይትከሉ እንጂ! አትትከሉ ያለ የለም። ብቻ ከብዙ እናቶች ይሁን። የየቦታውን ለየብቻ ያንጥሩ፣ ከዚያ ገዢው በሚወደው ልክ ይቀላቅሉት። ያኔ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይለዋወጥም፣ ማሳው ውስጥ ያለውም አይጠፋም። ወንዶ ገነት ያለው የምርምር ማዕከል በዚህ ሥራ የቆየ ነው፣ ሄደው ይጠይቁ። ከውጭ መጥቶ ናሙና የሚለምን ካለም አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ያለ ፈቃድ አይወሰድም፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ ድርሻ አለው። አንተን ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ጥምዝህን ስትገዛ የየጫካውን አትደባልቀው።

የመርካቶ ቅመም ነጋዴ፦ እሺ። ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ ከየት እንደተለቀመ ጆንያው ላይ አጽፋለሁ። እናንተም የትኛው ጆንያ ምን ዘይት እንዳለው መጥታችሁ ንገሩኝ።