የካሳ ግምቱ ላይ ልፈርም ወይስ ልከራከር?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ ያለው ግቢ አላት፣ የኮሪደር ልማት ነካትና ገማቾች መጥተው ለክተው ሄዱ፣ አሁን የመጣው ወረቀት ላይ ያለው የቤቱ ብቻ ነው፣ መሬቱ ዜሮ! ከኛ ሁለት ግቢ አልፎ ያለው ቤት በስንት ሚሊዮን እንደተሸጠ ሰፈሩ ያውቃል እኮ። ምትክ የሚሉን ቦታ ደሞ የት ዳር ነው መሰላችሁ። እማዬ "ከመንግስት ጋር ምን ያከራክርሃል ፈርመን እንገላገል" ትላለች፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

የሸገር ልጅ፦
ብሮ መሬቱን እርሳው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ይላል፣ ያንተ ላዩ ላይ የሰራኸው ነው። ጎረቤትህም በውሉ ላይ ቤት ነው የሸጠው፣ ገዢው የከፈለው ግን ለሎኬሽኑ ነው ሃሃ። መንግስት ሲወስድ ለሎኬሽን አይከፍልም፣ በሊዝ ሲያወጣው ግን ሎኬሽን ዋጋ አለው፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ዘሩ፦
ግምት ስራዬ ነው፣ ስለ መሬቱ ከመጨቃጨቅ ወረቀቱን መስመር በመስመር እየው። የካሳ አዋጁ (1161/2011) ንብረቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስፈልገው ወጪ ይከፈል ነው የሚለው፣ "ቤቱ አርጅቷል" ተብሎ ከተቀነሰ ለምን በል። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ሰርቪስ፣ አጥር፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የግቢ ንጣፍ፣ ዛፍ ናቸው (ያለ ፈቃድ የተሰራ ከሆነ ግን አትድከም)። ነጠላ ዋጋው (የአንዱ መለኪያ ሂሳብ) የመቼ እንደሆነም እይ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በወጣ ዋጋ ቤት ተሰልቶ ዛሬ ብረት ልትገዛበት አትችልም። ደሞ የቤት ካሳ ብቻ አይደለም፣ የልማት ተነሺ ካሳና የማህበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚባሉም አሉ፣ ወረቀቱ ላይ ከሌሉ ጠይቁ።

እመቤት፦
ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ብቻ!! ቅሬታ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው በጽሁፍ ነው፣ ካልተስማማችሁ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዛ ፍርድ ቤት። ስታስገቡ ኮፒው ላይ ማህተም አስመቱ፣ በቃል ነግረናቸዋል ብሎ ነገር አይሰራም።

የገበሬ ልጅ፦
እናንተስ ካርታ አላችሁ። የኛ መሬት የተወሰደው በድሮው አዋጅ 455/1997 ነው፣ የአምስት አመት አማካይ ገቢ ተይዞ አስር እጥፍ፣ አዲሱ 1161 ከሶስት አመቱ ከፍተኛውን ይዞ 15 እጥፍ አድርጎታል፣ እሱም ምትክ መሬት ለማያገኘው። አባባ ብሩን ባንክ አስቀመጡት፣ እርሻ ብቻ ለሚያውቅ ሰው በዛ እድሜ ብር ምን ይሰራለታል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አየሁት፣ ሰርቪሷም ጉድጓዱም የሉበትም፣ ሰርቪሷ ደሞ ፕላኑ ላይ አለች። ፎቶ ይቀበላሉ?

ዘሩ፦
ዛሬውኑ አንሳ፣ ሜትር ዘርግተህ ከነመጠኑ። ከፈረሰ በኋላ ምን ልታሳያቸው ነው? የፕላኑን ኮፒም አያይዝ።