ጅማ ያሉትን ልጆችና እማማን ልንጠይቅ ነው፤ ምን ይዘን፣ እንዴት እንሂድ?

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ያላችሁ ወይም እንዲህ ያለ ጉዞ የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። እዚህ ጀርመን ያለን ሰዎች በአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር በኩል እየከፈልን ጅማ ውስጥ ልጆች እናስተምራለን። ባል የሞተባቸውን አረጋውያን እናቶችም እንረዳለን። በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ልንጠይቃቸው ነው። ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ግማሾቻችን ጀርመኖች ናቸው።

እኔ የማስተምረው ልጅ አራተኛ ክፍል ነው። እናቱ ሰው ቤት እንጀራ ትጋግራለች። የምረዳቸው እማማ ደግሞ እዚያው ጅማ፣ መርካቶ የሚባለው ሰፈር አካባቢ በቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። የወጣው ፕሮግራም በአንድ ቀን ስምንት ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ይላል። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፤ ሃያ ደቂቃ ሰው ቤት ገብቶ ለመውጣት እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለጓደኞቼ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ሌላው፣ ሁለት ሻንጣ ልብስ ሰብስበናል። ልያዘው? ብር በእጃቸው ብሰጥስ? ሄጄ ሳላውቅ ከማሳቅቃቸው አሁን ንገሩኝ።

የአዌቱ ሰው

ጥር መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ክረምት ቢሆን ጭቃው አያስገባችሁም፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የቡና ለቀማ ስለሆነ ልጆቹ ገጠር ዘመድ ጋ ሄደው ልታጧቸው ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልቂጤ አድርጎ የግቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። አቅመ ደካማ ካላችሁ በአውሮፕላን ሂዱ።

ቡና በጨው

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። የምኖረው ጅማ ነው። እንደናንተ ያሉ እንግዶችን ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ኦሮምኛውንም አስተረጉማለሁ።

ፕሮግራሙን ሳትፈሩ አስቀይሩት። እማማ እንግዳ እንደሚመጣባቸው ከሰሙ ሽር ጉዱ ቀድሞ ነው የሚጀመረው። ሲኒ ከጎረቤት ይዋሳሉ። በርጩማ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ቡናው ሲቆላ ጭሱ ግቢውን ይሞላል፤ ጎረቤቱም ብቅ ብቅ ይላል። አንዴ አንዲት እናት እንዲህ ተዘጋጅተው ሳለ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አቦሉ ገና መቀዳቱ ነበር። እንግዶቹ ቆመው ተሰናብተው ወጡ። እማማ የተቀዱትን ሲኒዎች ረከቦቱ ላይ እያዩ ቀሩ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቢያንስ ቶናውን ጠጡ። እስከ በረካው ከቆያችሁማ ምርቃቱም አለ። ብዙዎቹ እናቶች ሙስሊም ናቸው። ዱዓ ሲያደርጉ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ አሚን በሉ፤ ጀርመኖቹም ይበሉ። ደግሞ ዘጠኝ ሆናችሁ እንዳትገቡ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሦስት ሦስት ሁኑና ጉብኝቱን ለሁለት ቀን ክፈሉት።

ልጁ ሲያይሽ ዝም ሊል ይችላል። እናቱ ጀርባ ተደብቆ ጫማ ጫማሽን ያያል። "ሂድ ሳማት" ብለው ሲገፉት "ተዉት" በያቸው። "ስንተኛ ወጣህ?" የሚለውን ደግሞ አደራሽን አትጠይቂው። ለምደነዋል፤ ግን ከሚከፍልለት ሰው አፍ ሲወጣ ልጁን ያስጨንቀዋል። ኳስ ያዢ። ትንሽ ከተጫወታችሁ በኋላ ራሱ ያወራሻል።

ሻንጣውን ተዪው፤ ልብሱ ይበቃል አይበቃም ብሎ መጨነቅ ነው ትርፉ። እዚሁ ግዙ። ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ለእማማ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጥሬ ቡና። አገሩ የቡና አገር ነው ብለሽ ቡናውን እንዳትተዪ። ቡና ከሌለ ጎረቤት አይጠራም፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለልጁ ደብተርና ቦርሳ ስትገዢ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ሁሉ ቁጠሪ።

ብር በእጅ አትስጪ። ግቢው በሙሉ ያያል፤ እናንተ ስትሄዱ ጣጣው እሳቸው ላይ ይቀራል። በማኅበሩ ቢሮ በኩል ይሁን። ይልቅ ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን አላቸው ወይ? ካላቸውስ ታድሷል? መዋጮው በየዓመቱ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይናቸው። ብዙ እናቶች "እርጅና ነው" ብለው የተቀመጡበት ነገር የዓይን ሞራ ሆኖ ይገኛል። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት እሱ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ግን ይወጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ይዣቸው የሄድኩ አንዲት እናት ፋሻው ሲፈታላቸው የልጅ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና "ጥርስሽ መቼ ወለቀ?" አሏት።

ፎቶ ካነሳችሁ አስፈቅዳችሁ ይሁን። የልጁ ስምና ትምህርት ቤት ፌስቡክ ላይ አይውጣ። ቢሮው ስልክ አትለዋወጡ፣ ከልጁ ጋር ብቻችሁን አትሁኑ ቢላችሁ እንዳይከፋችሁ፤ ልጆችን ለመጠበቅ ለሁሉም የወጣ ደንብ ነው።

የቆጪው መምህር

እኔም በእንዲህ ዓይነት እርዳታ ነው የተማርኩት። ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ቁጠሪ የተባለውን አደራ እንዳትረሺው። የሚረዳኝ ሰው ሲመጣ ለኔ ቦርሳ፣ ጫማ፣ ባለቀለም እርሳስ ይዞልኝ መጣ። ታላቅ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ለእንግዳው ቡና የቀዳችው እሷ ነበረች። ጫማውን ልስጣት ብል አይሆናትም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መኖሯንም የነገረው የለም። ከመምጣትሽ በፊት ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ቢሮውን ጠይቂና ስማቸውን ያዢ።

ሌላው፣ ሰውየው እናቴን ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ሰፌድ ትሰፋ ነበር። ሰንደዶዋን አምጥታ እንዴት እንደሚጀመር አሳየችው፤ እሱም ሞከረና አበላሸው፤ ሳቀች። እናቴ እንግዳ ፊት እንደዚያ ስታወራ አይቻት አላውቅም። ያንቺ ልጅ እናት እንጀራ ትጋግራለች ብለሻል። ስለ ምጣዷ፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ጠይቂያት።

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለጓደኞቼ ተርጉሜ ላክሁላቸው። ሁለት ቀን ለማድረግ ተስማምተዋል፤ ሻንጣውም ቀርቷል። ልጁ ሁለት ታናናሾች እንዳሉት ዛሬ ነው የሰማሁት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እማማ ግቢ ውስጥ ከሳቸው ያልተሻሉ፣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ሌላ እናት አሉ አሉኝ። እሳቸውን ምን ላድርግ?

ቡና በጨው

እዚያው ቡናው ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ አብረሽ አጫውቻቸው። ስኳሩንና ሳሙናውን ጨመር አድርጊና ሁሉንም ለእማማ ስጪ። ለማን እንደሚያካፍሉ እሳቸው ያውቁበታል። ሰጪዋ እማማ ሲሆኑ ጉርብትናውም አይሻክርም። የሌላኛዋን እናት ነገር ለቢሮው አቀርባለሁ፤ ቦታ ሲገኝ እንዲታዩ። ቀኑ ሲቆረጥ ጻፊልኝ፤ ሐሙስ ከሆነ ገበያ አብረን እንወጣለን።