መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ ታዲያ ወንድሜ ለምን ሦስት ወር ባከነ?

የጭልጋው_ልጅ
ሰላም የቤቱ ልጆች፣ ጤና ላይ የምትሰሩ ካላችሁ እስኪ አስረዱኝ። ታላቅ ወንድሜ ገበሬ ነው፣ በየዓመቱ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፣ ዘንድሮ ህዳር ላይ ሲመለስ እያሳለ መጣ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለና ፌጦ ዝንጅብል ምናምን፣ ከዛ አንድ የግል ክሊኒክ አሞክሳሲሊን ሰጠው፣ አልለቅ ሲለው ሌላ አንቲባዮቲክ ተቀየረለት፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደግሞ አክታው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነፃ ነህ ብለው መለሱት። ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው፣ ሱሪው ከወገቡ አልቆም ሲል ነው በስንት ጭቅጭቅ ሆስፒታል የወሰድኩት፣ እዛ ጂን ኤክስፐርት በሚባል የአክታ መመርመሪያ ማሽን የሳንባ ቲቢ ነው አሉን። የካቲት ገብቶ ነበር እኮ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ከሚስቱና ከ3 ልጆቹ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ነው ያደረው። መድኃኒቱን በነፃ ሰጡን እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እዛ እስክንደርስ ለትራንስፖርት፣ ለካርድ፣ ለራጅ ስንል ሁለት በግ ተሸጧል። መድኃኒት ካለ፣ ማሽን ካለ፣ ክፍተቱ የቱ ጋ ነው? ምን ቢጠናከር ነው እንዲህ የማይሆነው?

ሲስተር_ቲቢ_ክፍል
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ክፍተቱ ያለው እኛ ቲቢ ክፍል በር ላይ ሳይደርስ በፊት ነው። መመሪያው ግልፅ ነው፣ 2 ሳምንትና ከዛ በላይ ያሳለ ሰው በምንም ምክንያት ጤና ተቋም ቢመጣ ተጠይቆ አክታ መስጠት አለበት። ግን ተመላላሽ ክፍል አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ውጪ ሰልፉ ግቢውን ሲዞር ማን ማንን ይጠይቃል፣ ሳል ያለው ሁሉ የሳል ሽሮፕ ይዞ ይሄዳል። ገጠር ላይ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ነበሩ ተስፋችን። በ1995 ሲጀመር በቀበሌ ሁለት ልጆች 16 የጤና አገልግሎት ፓኬጅ ይዘው ነው የወጡት፣ ከዛ ወዲህ ክትባቱም፣ የቤተሰብ ምጣኔውም፣ ወባውም፣ የጤና መድን ምዝገባውም፣ ዘመቻ የተባለ ሁሉ እነሱ ላይ ይጫናል። ቤት ለቤት ዞራ ማን ሳለ የምትለው መቼ ነው? አንድ ኤክስቴንሽን ጨምሩልኝ፣ አንድ ማሽን ከምትጨምሩልኝ። ይሄ የኔ ሀሳብ ነው፣ ላብራቶሪዎች ትጣሉኛላችሁ።

ላብ_ሰው
እንጣላለን 😄 ሲስተር ያለችው እውነት ነው ግን ሰውየው እኮ አክታ ሰጥቶ ነው የተመለሰው። በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን ለማየት በአንድ ሚሊ አክታ ውስጥ ከ5 ሺ እስከ 10 ሺ መኖር አለበት፣ ጂን ኤክስፐርት ግን መቶ ምናምን ብቻ ቢኖርም ያገኘዋል፣ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም (ከዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ሪፋምፒሲንን ማለቴ ነው) በ2 ሰዓት ውስጥ አብሮ ይናገራል። ስለዚ በማይክሮስኮፕ "አልታየም" ማለት "የለብህም" ማለት አይደለም፣ ያንን ለበሽተኛው በትክክል ያልነገረው ሰው ነው ያጠፋው። ማሽኑ በየጤና ጣቢያው የለም፣ መብራት ይፈልጋል፣ ናሙናው የሚገባበት ካርትሬጅ ከውጪ ነው የሚመጣው፣ ሞጁል (የማሽኑ መመርመሪያ ክፍል) ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኝ ትጠብቃለህ። ግን በሽተኛው ወደ ማሽኑ መሄድ የለበትም፣ አክታው ነው መሄድ ያለበት! ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ፖስታ ቤት አክታ ያመላልሳል፣ አዎ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ፖስታ ቤት፣ ናሙናው በቀዝቃዛ ሳጥን ታሽጎ ይሄዳል። እኔ ያየሁት ችግር መመለሻው ላይ ነው፣ ናሙናው ይሄዳል ውጤቱ ይዘገያል፣ ሲመጣ ደግሞ የበሽተኛው ስልክ ዝግ ነው፣ መንገድ የተዘጋ ሳምንት ከሆነማ ተወው።

አሁን_ደህና_ነኝ
እኔ በመርፌው ዘመን የታከምኩ የኤም ዲ አር (መድኃኒት የተላመደ ቲቢ) በሽተኛ ነበርኩ፣ 20 ወር ነው የወሰድኩት። 8 ወር መርፌ፣ ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። የኤም ዲ አር ህክምና ሀገራችን ላይ በ2009 በፈረንጆቹ አዲስ አበባ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር አልጋ ወረፋ ነበረው ይባላል፣ አሁን በ6 ወር በሚዋጥ ብቻ የሚያልቅ መጥቷል፣ ኢትዮጵያም በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 ሀገሮች ዝርዝር ወጥታለች (ከዋናው የቲቢ ዝርዝር ግን አልወጣንም)። እና ምን ልል ነው፣ እኔን ያዳነኝ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ በየወሩ የሚሰጠኝ ዘይትና ዱቄት ነው። ያንን መድኃኒት በባዶ ሆድ ውጠህ ቀን ሙሉ ማቅለሽለሽ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፣ ስንቱ አብሮኝ የጀመረ ለዛ ሲል አቋረጠ። ተራ ቲቢ ላለበት ገበሬ ግን ዘይት ማን ይሰጠዋል?

ቦሌ_ሚካኤል
ሁሉም ጥሩ ነው ግን ብሩስ? ጃንዋሪ 2025 አሜሪካ እርዳታ ስታቆም 5 ሺ የጤና ሰራተኛ ኮንትራት ተቋረጠ አልተባለም እንዴ። በሰው ብር የቆመ ቤት ባለቤቱ ሲነሳ ያው ነው። ኤክስቴንሽን ጨምሩ ማሽን ጨምሩ ትላላችሁ፣ ወረዳው ለሞተር ቤንዚን የለውም።

ሲስተር_ቲቢ_ክፍል
@ቦሌ_ሚካኤል አልዋሸህም፣ እኛ ጋ መዝገብ የሚያስተካክለው ልጅ ነው የተሰናበተው፣ ቀላል ይመስላል ግን የጠፋ በሽተኛ ስልክ የሚደውለው እሱ ነበር። አሁን በራሴ ስልክ ነው የምደውለው፣ ካርዱም የኔ።

የጭልጋው_ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌላ ጣጣ መጣ፣ ወንድሜ ሁለተኛ ወሩን ሲጨርስ ተሻለው፣ ሳሉ ቆመ፣ አሁን ሐምሌ ላይ ለአረም መተማ እወርዳለሁ ብሎ ድርቅ ብሏል፣ የተሸጡትን በጎች ልመልስ ነው የሚለው። ምን ልበለው?

ሲስተር_ቲቢ_ክፍል
ኧረ እንዳያቋርጥ! ከቻለ ይቅር፣ ካልሆነ ግን ተደብቆ አይሂድ፣ ለሚከታተልበት ጤና ጣቢያ ቀድሞ ይንገርና የዝውውር ወረቀት ይያዝ፣ እዛ ያለው ጤና ጣቢያ ቀሪውን ይሰጠዋል። ተደብቆ የሄደ ሰው እኛ መዝገብ ላይ "ጠፋ" ነው የሚባለው፣ እሱ ደግሞ እዛ መድኃኒቱ ሲያልቅበት ዝም ይላል፣ ድንኳን ውስጥ ሃያ ሰላሳ ሆነው ነው የሚያድሩት። ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ ተመረመሩ? ቲቢ ከሌለባቸው መከላከያ አለ፣ በሳምንት አንዴ ለ3 ወር የሚወሰድ፣ እሱም ነፃ ነው።

የጭልጋው_ልጅ
አልተመረመሩም። ማንም አልነገረንም።

ሲስተር_ቲቢ_ክፍል
ሰኞ ጠዋት አራቱንም ይዘሃቸው ሂድ።