«ዕንባቆም» የሚለው ስም «እንባ ቆመ» ማለት ነውን?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ለተወለደው የወንድሜ ልጅ ዕንባቆም የሚል ስም ሊወጣለት ታስቧል። አያቱ ከዚህ ልጅ በፊት ሐዘን ስላየን «እንባችን ቆመ ማለት ነው» ብለው ስሙን እጅግ ወደውታል። ነቢዩ ዕብራዊ ሆኖ ሳለ ስሙ በአማርኛ መፈታቱ ግን አላሳመነኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ ሰጪ 1፦
ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የስሙ የዕብራይስጥ መልክ «ሐበቁቅ» ሲሆን በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ ጭምር «ማቀፍ» ከሚለው ግስ አገናኝቶ ፈትቶታል። ግሱ በዕብራይስጥ «ሐበቀ» ነው፤ የግእዙ «ሐቀፈ» እና የእኛው «አቀፈ» ከእርሱ ጋር ይነጻጸራሉ። ታዲያ «ቆም» ከየት መጣ ቢሉ ከግሪክ ነው። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነቢዩን «አምባኩም» ይለዋል፤ ግሪክኛ የ«ሐ»ን ድምፅ የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው መነሻዋ ወደቀች፣ «በ» ወደ «ምብ» ተለወጠ፣ መጨረሻውም «ም» ሆነ። ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪክ በመሆኑ በመዝሙረ ዳዊት መጨረሻ ከነቢያት ጸሎት ጋር የምንደግመው ስም ይህንኑ መልክ ይዟል።

መልስ ሰጪ 2፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ማቀፍ» የሚለው ፍቺ ቢያምርም የስሙ ቅርጽ በዕብራይስጥ የሰው ስሞች ዘንድ ያልተለመደ ነው። በአንጻሩ የጥንት መስጴጦምያ ሰዎች የሆኑት አካዳውያን «ኀባቁቁ» ወይም «ኀምባቁቁ» የሚሉት የጓሮ ተክል ነበራቸው፤ ዐረቦችም በሶብላን «ሐበቅ» ይሉታል። ሰውን በተክል መሰየም ለዕብራውያን እንግዳ አይደለም፤ ትዕማር ማለት የተምር ዛፍ ነው፣ የአስቴር ሌላው ስም ሀደሳም የባርሰነት ዛፍ ነው። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው።

መልስ ሰጪ 3፦
በአይሁድ ዘንድ ዞሃር የተባለው መጽሐፍ ነቢዩን ኤልሳዕ ከሞት ያስነሣው የሱነማዊቷ ልጅ ነው ይላል፤ ኤልሳዕ «ወንድ ልጅ ታቅፊያለሽ» ብሏት ነበርና። ነገር ግን ኤልሳዕ በ9ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ሲሆን ዕንባቆም ስለ ከለዳውያን መነሣት የተናገረው በ7ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በመካከላቸው ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ።

ስሙን ሲያስመዘግቡ በዐይኑ «ዕ» መጻፉን ያረጋግጡ። በግእዝ እንባ «አንብዕ» ነው፤ ዐይኑ የሚገኘው በመጨረሻው ላይ ነው። የነቢዩ ስም ግን የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ ልዩነቱን ለአያቱም ማሳየት የሚቀልለው በዚህ ነው።