የሕግ ዲግሪ በእንግሊዝኛ፣ ችሎት በአማርኛ፤ እስከ መቼ?

ጠበቃ (ሐሳብ አቅራቢ)፦ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ስለነበሩ በእንግሊዝኛ ማስተማር ግድ ነበር። ዛሬ መምህሩም ተማሪውም የአገር ልጅ ነው። የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪው (ኤልኤልቢ) ግን አሁንም አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመውጫ ፈተናውም እንደዚያው። ተመራቂው ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ክሱም፣ መልሱም፣ ውሳኔውም በአማርኛ ነው።

ቢሮዬ ለልምምድ የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎችን የሚዘረዝረውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 244ን በደንብ ያውቁታል። አንዷን «የይርጋ መቃወሚያ አለን፣ ጻፊው» አልኳት፤ ክሱ የመክሰሻ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቀርቧል የሚለውን ማለቴ ነው። ነጥቡ ወዲያው ገባት። ግን «ክሱ በይርጋ የሚታገድ ስለሆነ ውድቅ ይደረግልን» ብላ መጻፍ ከበዳት። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አላጻፋትም።

አቋሜ ግልጽ ነው። ሥነ ሥርዓት፣ ማስረጃ፣ የሕግ ሰነድ ዝግጅትና የምስለ ችሎት (የልምምድ ሙግት) ኮርሶች በችሎቱ ቋንቋ ይሰጡ።

የሕግ መምህር፦ ችግሩ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አያስኬድም። ክፍሌ ውስጥ ከየክልሉ የመጡ ልጆች አሉ። አንዱ ነገ ኦሮሚያ ሄዶ በአፋን ኦሮሞ ይሟገታል፣ ሌላዋ ትግራይ ገብታ በትግርኛ። በአማርኛ ባስተምር ለነሱ ምን ጠቀምኳቸው? እንግሊዝኛ ቢያንስ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ማጣቀሻ መጻሕፍቱም፣ ሁለተኛ ዲግሪውም (ኤልኤልኤም) በእንግሊዝኛ ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኩል አያደርገንም። ከተማ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረና ከገጠር የመጣ ልጅ እንግሊዝኛ ላይ አንድ አይደሉም። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው ሕጉ ያልገባው ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው አፉን የያዘውም አለ። ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሕግ የሚታወጅበት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እኛ አምስት ዓመት የምናጠናው ሌላኛውን ነው።

ኦሮሚያ የምትሠራ ዐቃቤ ሕግ፦ ጠበቃው ለአማርኛ የጠየቀውን እኔ ለአፋን ኦሮሞም እጠይቃለሁ። በእንግሊዝኛ ተምሬ ክስ ማርቀቅ የተማርኩት ሥራ ላይ ነው፤ ያውም በሰው ጉዳይ እየተለማመድኩ። ተጠርጣሪው ማረሚያ ቤት ሆኖ እኔ ቃል ስፈልግ ማምሸት ነበረብኝ? ንድፈ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ይቀጥል። የሕግ ክሊኒኩ (ተማሪው በእውነተኛ ጉዳይ የሚለማመድበት) እና የጽሑፍ ኮርሱ ግን ተማሪው ሊሠራበት በሚፈልገው ቋንቋ በቡድን ተከፍሎ ይሰጥ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም።

ጠበቃ፦ እህቴ ያለችው ይሻላል፣ እኔም እሱን እይዛለሁ። በዚያ ላይ ከ1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። የውሳኔዎቹ ጥራዞች በአማርኛ ታትመዋል። ለምን በየኮርሱ ዋና ንባብ አይሆኑም?

የሕግ መምህር፦ ሰበሩን አሁንም አስነብባለሁ። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ተማሪው የሚያጠናው ለፈተናው ነው። መውጫ ፈተናው ላይ በሥራ ቋንቋ የሚጻፍ አንድ ክፍል ይግባ፤ ያኔ እኔም ክፍሌን እለውጣለሁ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦ እሱ ከገባ እኛ ዛሬውኑ እንጀምራለን።