ሺፍት መሪ በዲግሪ ይሁን በልምድ? የጎንደር ነርሶች ኑ እንከራከርበት

ጥያቄውን ያነሳሁት (የሕፃናት ዋርድ፣ ዲግሪ)፦
ሰላም የሙያ ጓደኞቼ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን እኛ ዋርድ አንድ ጭቅጭቅ ተነስቶ እስካሁን አልበረደም፣ ሺፍት ሚመራው ማን ይሁን የሚል። ግማሹ ዲግሪ ያለው ሰው እያለ ደረጃ 4 (ዲፕሎማ ያለው ነርስ) እንዴት ይመራል ይላል፣ ግማሹ ደግሞ 12 ዓመት እዚችው ዋርድ የሰራች ሲስተር ቆማ ትናንት ከግቢ የወጣ ልጅ እንዴት ያዛታል ይላል። ነገሩ ከስብሰባ አልፎ ሻይ ቤት ወረደ፣ አሁን ዲግሪዎቹ ለብቻ ዲፕሎማዎቹ ለብቻ ነው ቡና ሚጠጡት፣ አንድ በሽተኛ ላይ 8 ሰዓት አብረው የቆሙ ሰዎች።

እኔ ዲግሪ ነኝ፣ ግን ሺፍት መሪነት በወረቀት ብቻ መሰጠት የለበትም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በ5ኛው ወር፣ ያኔ ሌላ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ናይት ላይ ሺፍት መሪ ነበርኩ። ከወገራ የመጣች አንድ ዓመት ካለፋት ትንሽ የሆናት ሕፃን ገባች፣ በምግብ እጥረት ክስት ብላ ተቅማጥ ይዟት አይኗ ጎድጉዷል። በዚህ ደረጃ የተጎዳ ልጅ ሾክ ውስጥ ካልገባ በቀር አይቪ ፈሳሽ እንደማይሰጠው፣ ልቡ እንደማይችለው፣ በአፍ ሪዞማል (ለተጎዱ ልጆች የተዘጋጀ የሚጠጣ ፈሳሽ) ቀስ እየተባለ እንደሚሰጠው ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ያንን አይን ሳይ ሁሉም ጠፋኝ፣ ኢንተርኑን (ተለማማጅ ሐኪሙን) በስልክ ጠይቄ አይቪ አስጀመርኩ።

አብራኝ የነበረችው ደረጃ 4 ሲስተር ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፣ የሕፃኗን ሆድ ዳብሳ ጉበቷ የሚያልቅበት ላይ ቆዳዋን በሰማያዊ አሰመረች። ከዛ ሰዓቷን ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ ቆጠረች፣ 42። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማ ስትቆጥር 50፣ ጉበቱም ከመስመሩ አልፎ ወርዷል፣ ፈሳሹ በዝቶባታል ማለት ነው። መጥታ ይሄ ፈሳሽ ይቁም አለችኝ። እኔ ያልኳት «አንቺ ቪታል ሳይንሽን ውሰጂ፣ ውሳኔው የኔ ነው» ነው። አልመለሰችልኝም፣ ሄዳ ኢንተርኑን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው፣ መጥቶ አየና ነቀለው። ልጅቷ ተረፈች፣ ኤፍ 75 የሚባለውን የሕክምና ወተት በየ3 ሰዓቱ እየወሰደች አገግማ ወጣች። ጠዋት ሀንድኦቨር (የሺፍት ርክክብ) ላይ ግን እሷን ማን እንዳዳናት አልተናገርኩም፣ ፈሳሹ ተቋርጧል ብዬ አለፍኩ። እስከዛሬ ያመኛል።

እስኪ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ ዲግሪ፦
ወንድሜ ጥፋትህን እንዲህ አውጥተህ መናገርህን አከብራለሁ፣ ግን ከአንድ ሌሊት ተነስቶ ደንብ አይወጣም። እኔ 4 ዓመት ተምሬ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፌ ነው የገባሁት። ዋርድ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ ተጠርታ ቻርቱ ላይ ፊርማዋ የሚፈለገው እኔ ነኝ፣ ታዲያ ተጠያቂው እኔ ሆኜ መሪው ሌላ ሰው ሊሆን ነው?

ደግሞ የሌላውን ወገንም እንናገር። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ ካኑላ ሳትኩኝና አንዷ ነባር በሽተኛው ፊት «ወረቀት ብቻ ይዘው ይመጣሉ» አለች፣ ሰውየው ከዛ በኋላ እጁን አልሰጠኝም። የመድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ 2 ሳምንት ፈጀብኝ፣ ማንም አልነግርሽም ብሎ። ልምድ ልምድ ትላላችሁ፣ መጥፎውም እኮ ይለመዳል። ስንት ዓመት የሰራ ሰው ነው ሳይቆጥር ለዋርዱ በሙሉ ትንፋሽ 20 እያለ ሚሞላው? ውሸት ነው በሉኝ። ያቺ እስክሪብቶ ያወጣችው ሲስተር ያዳነቻት ረጅም ዓመት ስለሰራች ብቻ አይደለም፣ በትክክል ስለቆጠረች ነው።

ሜዲካል ዋርድ፣ ደረጃ 4፣ 14 ዓመት፦
እህቴ ቁልፍ መደበቅ ነውር ነው፣ እኔም የደበቁትን አልደግፍም። ግን እኔንም ስሚኝ። ዱቲ ላይ 30 በሽተኛ ሲሰጠኝ አንቺ ደረጃ 4 ነሽና 20 ይበቃሻል ያለኝ የለም። ሌሊቱ እኩል ነው፣ የመርፌ አደጋው እኩል ነው፣ ቲቢው እኩል ነው፣ ልዩነቱ ሚመጣው ደሞዝ ላይና ስብሰባ ላይ ስንናገር ነው። እኔ የተማርኩት ደረጃ 4 በነበረበት ጊዜ ነው፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) አልፌ ገባሁ፣ ያኔ ሀገሪቱ የፈለገችው እሱን ነበር፣ ጤና ጣቢያዎቹ በሙሉ የቆሙት በኛ ነው። አሁን ዲፕሎማ ይቀራል ዲግሪ ይሁን ከተባለ ጥሩ፣ እኛን አስተምሩና።

3 ጊዜ ወደ ዲግሪ ለአፕግሬድ አመለከትኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ስለሌለ ዋርዱ ይጎዳል ተብዬ ቀረሁ። ልብ በሉ፣ ከዋርድ ልለቀቅ ማልችለው አስፈላጊ ስለሆንኩ ነው፣ ሺፍት ልመራ ማልችለው ደግሞ ወረቀት ስለሌለኝ ነው። በግሌ ቅዳሜና እሁድ ልማር ብል ክፍያው ከሁለት ልጅ ትምህርት ቤት ጋር አይገናኝም፣ ዱቲው ደግሞ ቅዳሜና እሁድን አያውቅም። ባለፈው ካኑላ መትከል እጁን ይዤ ያስተማርኩት ልጅ ዓመት ሳይሞላው ሄድ ነርስ ሆኖ ኢቫሉዌሽኔን ሞላው፣ «ተነሳሽነት ይጎድላታል» ብሎ። ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ልጁን ጠልቼው አይደለም፣ ጎበዝ ልጅ ነው።

ቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ ዲግሪ፦
ሦስት ጊዜ መከልከልሽ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ እውነት። ግን ያንቺን በደል የሺፍት መሪነት ቦታ በመስጠት አንክሰውም፣ ትምህርቱ ነው ሚሰጥሽ መሆን ያለበት። ሁለቱን ነገር አንቀላቅል።

በማስተርስ የማስተምር፦
ሁላችሁም ስለ ማዕረግ ነው እያወራችሁ ያላችሁት፣ እኔ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ልናገር። በ2014 እ.ኤ.አ ላንሴት ላይ የወጣ የሊንዳ አይከንና የባልደረቦቿ ጥናት አለ፣ በ9 የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎች ላይ፣ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች። ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 ፐርሰንት ሲጨምር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 ፐርሰንት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዲግሪዎች ይሄን እየጠቀሳችሁ ደረታችሁን ትነፋላችሁ፣ እዛው ጥናት ውስጥ ግን አንድ ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ7 ፐርሰንት ከፍ ይላል። ስለዚህ ትምህርቱም ይጠቅማል፣ የሰው ቁጥሩም ይጠቅማል፣ ዲፕሎማዎቹን ገፍታችሁ ብታስወጡና 30 በሽተኛ ብቻችሁን ብትይዙ ዲግሪያችሁ አያድናችሁም።

አሁን እኛ ጋ ሥራ ሚከፋፈለው በተግባር ነው፣ አንዷ ቪታል ሳይን፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዷ ቁስል ማጠብ፣ ዲግሪው ደግሞ ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ይጽፋል። በሽተኛው ለአራት ተከፈለ ማለት ነው። ትንፋሽ የቆጠረችው መድኃኒቱን አታውቅም፣ መድኃኒት የሰጠው ትንፋሹን አላየም፣ ኬር ፕላን የጻፈው ሁለቱንም አላየም። በበሽተኛ ብንካፈል፣ አንድ ዲግሪና አንድ ደረጃ 4 ተጣምረው 12 በሽተኛ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ቢይዙ፣ ማን ያዛል የሚለው ጥያቄ ግማሹ እዛው ይሞታል። ሺፍት መሪው ዲግሪ ይሁን፣ እሱ ላይ ከቀዶ ሕክምናዋ እህታችን ጋር እስማማለሁ፣ ግን ዋርዱ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ያልሰራ አይምራ።

ጡረታ የወጣሁ፣ ከአዘዞ፦
ልጆቼ፣ የእናንተን ክርክር ሳነብ ጎንደር ላይ መሆናችሁን የረሳችሁት መሰለኝ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1954 ሲከፈት ደምቢያን ወባ ፈጅቶት፣ በሺዎች ሰው አልቆ ነበር፣ ያ እልቂት ነው ኮሌጁን ካስከፈቱት ነገሮች አንዱ። የሰለጠኑትም ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፣ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሲሰለጥኑም ሆነ ሲመደቡ በቡድን ነበር። እኔም በጊዜዬ ኮላድባ ወርጄ አብሬያቸው ኖሬያለሁ፣ አንድ ቤት አድረን፣ አንድ ምጣድ እንጀራ በልተን፣ ጠዋት ቤት ለቤት ስንወጣ መኮንኑ በሽተኛውን ያያል፣ ነርሷ እናቲቱን ታማክራለች፣ ሳኒታሪያኑ ጉድጓዱንና ምንጩን ያያል። ማታ ሦስቱም ያዩትን በየተራ ይናገራሉ። ሳኒታሪያኑ ያላየውን ውሃ መኮንኑ በኪኒን ሊያድነው እንደማይችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቲም ትሬኒንጉ (የቡድን ሥልጠናው) ዛሬም አለ፣ ተማሪ ሆናችሁ ስትወርዱ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ተቀጥራችሁ ዋርድ ስትገቡ ቡና ትለያያላችሁ። ይህ ለምን እንደሆነ እኔ አይገባኝም።

አስታማሚ፣ ከደባርቅ፦
እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ጣልቃ ገባሁ። አባቴን 9 ቀን አስታምሜያለሁ፣ ሆስፒታሉን አልናገርም። ማን ዲግሪ ማን ዲፕሎማ እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ሁሉንም ሲስተር ሲስተር እያልኩ ነው ስለምን የነበረው። አንድ ማታ ግሉኮሱ አለቀና ደሙ በቱቦው ወደላይ መውጣት ጀመረ፣ ሮጬ የመጀመሪያዋን ብጠራት የኔ አይደሉም የመድኃኒቱን ጠይቅ አለችኝ፣ እሱን ብጠይቅ እኔ መርፌ ብቻ ነኝ አለኝ። በመጨረሻ የዘጋችው የሌላ ዋርድ ሲስተር ናት፣ ባጋጣሚ ስታልፍ አይታው። እናንተ ማን ይምራ ትላላችሁ፣ እኔ ያን ማታ ማንም ይምራ፣ ብቻ አባትህ የኔ ነው ሚለኝ ሰው ነበር የፈለኩት።

ሜዲካል ዋርድ፣ ደረጃ 4፣ 14 ዓመት፦
ወንድሜ ይቅር በለን። አባትህን እግዜር ይማርልህ።

ቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ ዲግሪ፦
የአስታማሚው ነገር ከበደኝ። ጥንድ ሆነን በሽተኛ ብንካፈል እኔ እቀበላለሁ፣ እንደውም ደስ ይለኛል፣ ካኑላም እማርበታለሁ። ሺፍት መሪነቱ ላይ ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው፣ የፈረመ ይምራ። ካልሆነ ኃላፊነቱም ይካፈልና በጽሁፍ ይቀመጥ።

ጥያቄውን ያነሳሁት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ ከአዘዞ በተለይ እርስዎን። እህቴ፣ የፈረመ ይምራ ያልሽው ላይ ብዙ አሰብኩበት። እሺ ዲግሪው ይምራ፣ አንድ ዓመት የሰራ ይሁን። ግን አንድ ነገር በጽሁፍ ይጨመር፦ በሽተኛው ሲበላሽ ያየ ማንኛውም ነርስ፣ ደረጃ 4 ይሁን ዲግሪ፣ ሺፍት መሪውን ሳያስፈቅድ ሐኪም መጥራት ይችላል፣ በመጥራቱም ማንም ከደረጃሽ በላይ ነው አይበላት። የኔዋ ሲስተር ያን ሌሊት ያደረገችው ይሄን ነው፣ መብት ኖሯት አይደለም፣ ግልምጫውን ችላ ነው። ከሷ የምትፈራ ብትሆን ኖሮ ያቺ የወገራ ልጅ አትተርፍም ነበር።

ሰኞ ለሄድ ነርሳችን ሁለት ነገር ይዤ እገባለሁ፣ ጥምር ምደባውንና ይሄን። ሀንድኦቨርም በረንዳ ላይ መሆኑ ቀርቶ አልጋው ጋ ይሁን እላለሁ፣ ሌሊት ማን ምን እንዳየ በስሙ እየተነገረ። ለዛች ሲስተርም ደወልኩላት፣ አሁን መተማ መስመር ጤና ጣቢያ ነው ምትሰራው። ያን ጠዋት ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና ልጅቷ ከወጣች በኋላ ለቀጠሮ መጥታ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።