ልጆቻችን ድሬ ላይ ምን ውሃ ይጠጣሉ?

የሰብያን እናት፦
ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ቤታችንን ሸጠን አዲስ አበባ እንግባ እያለኝ ነው። ሥራ አጥቶ አይደለም፣ ውሃውና ሙቀቱ ነው ያስፈራው። "እነዚህ ልጆች የኛ ዕድሜ ሲደርሱ ድሬ ሰው የሚኖርባት አትሆንም" ይላል። እኔ ደግሞ ከድሬ መውጣት አልፈልግም፣ ግን ቧንቧው ጠፍቶ በጀሪካን ስንሯሯጥ ምን ብዬ ልከራከረው? ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝም አለ። የ1998ቱን ጎርፍ የረሳ የድሬ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። የምታውቁትን እውነቱን ንገሩኝ። እንድታጽናኑኝ ብዬ አይደለም የምጠይቀው።

የጀጎል ሰው፦
እህቴ፣ ይሄ ጭንቀት የኛም ነው። ሐረማያ ሐይቅን ሙሉ ሆኖ አይቼዋለሁ። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጪ መንገዱ ዳር ተንጣሎ ይታይ ነበር፣ ዓሣ ይወጣበት ነበር፣ ሐረርም የምትጠጣው ከሱ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ዝናብ ጠፍቶ ብቻ እንዳይመስልሽ። በየዳሩ ሞተር ተተክሎ ለጫትና ለአትክልት ተሳበ፣ ከተሞቹም ጠጡት፣ ከተራቆተው ተራራ የወረደው ደለል ደግሞ ከታች ሞላው። ሐይቁን ላድርቅ ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ለቤቱ የሚያስፈልገውን ነው የወሰደው። ዛሬ ሐረር የምትጠጣው በአብዛኛው ከእናንተ በኩል ነው፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ያን ሁሉ ዳገት ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚወጣው፣ መብራት ከሄደ ውሃም የለም። ስለዚህ ከድሬ ጉድጓዶች ላይ የጎደለው የሐረርም ልጆች ላይ ነው የሚጎድለው።

ተስፋ አለኝ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ አለኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐረማያ ላይ ውሃ ተመልሷል፣ ሄዳችሁ እዩት። የምፈራው ሞተሩም አብሮ እንዳይመለስ ነው።

የጉድጓድ ባለሙያ፦
ሥራዬ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ደቻቱን የሚሞላው በአብዛኛው ከደንገጎ በላይ ደጋው ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስብን የሚችለውም ለዚህ ነው። ጉድጓዶቻችንን የሚሞላውም ያው ውሃ ነው። ቀስ ብሎ ከወረደ ወደ አሸዋው ይሰርጋል፣ ተራራው ባዶ ከሆነ ግን አፈሩን ጠርጎ በጥቂት ሰዓት ያልፈናል፣ በበጋ ደግሞ ጉድጓዱ ይጎድላል። ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳር የተሠራው ግንብ ከተማውን ይከላከልልናል፣ ውሃውን ግን አያስቀርልንም። እርከኑ መሠራት ያለበት እዚያ ላይ፣ ከደጋው ገበሬ ጋር ነው፣ ለዛም የከተማው ሰው ገንዘብ ማዋጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሽንት ቤቱ ነው። ድሬ የተቀመጠችው የምትጠጣው ውሃ ላይ ነው። በከተማው ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የሚባል፣ ከእዳሪ ወደ ውሃ የሚሰርግ ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ አግኝተዋል፣ ዋናው ምንጭ ደግሞ የየቤታችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይበረታል። በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት በጣም አደገኛ ነው። የፍሳሽ መስመር ጥያቄ በየስብሰባው መነሳት አለበት፣ አንዴ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ በአንድ ሰው ዕድሜ ላይጠራ ይችላል።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
አቦ እኔ ገና አልወለድኩም፣ ግን መጪው ትውልድ ስትሉ የምታወሩት ስለኛ መሰለኝ። በቀትር ከዚራ ቁሙ፣ ከዛ እኛ ሰፈር ኑ። ከዚራን የባቡሩ ሰዎች ሲሠሩ መንገዱን በዛፍ ነው ያሰለፉት፣ እስከ ዛሬ ሰው በጥላው ይሄዳል። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ኮንክሪትና ቆርቆሮ ብቻ ናቸው። በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፣ በበጋ የሚያጠጣው የለም። ለያንዳንዱ ችግኝ ከሰፈሩ ኃላፊ ይመደብለት፣ ኒም የመጀመሪያዎቹን በጋዎች ካለፈ በኋላ ራሱን ይችላል። መሄዱን በተመለከተ፣ የኔ እኩዮች በጅቡቲ በኩል እየወጡ ነው፣ ባሕር የበላቸውም አሉ። እህቴ፣ እናንተ ቤት ያላችሁት ተስፋ ቆርጣችሁ ከሄዳችሁ እኛን ማን ቆዩ ይበለን?

የሰብያን እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ባለቤቴም አጠገቤ ሆኖ አንብቦታል። ቤቱን ለዘንድሮ አንሸጥም፣ ከዛ በኋላ ያለውን ገና አልተስማማንም። የልጆቹ ትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ አለን፣ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ላንሳ እያልኩ ነው። የድሬ ዝናብ ለዚህ ይበቃል?

የጉድጓድ ባለሙያ፦
ይበቃል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ እስከ 1,000 ሊትር ውሃ ነው። የመጀመሪያው አቧራውን ስለሚያጥብ ይፍሰስ፣ ታንከሩ ይከደን፣ ወባ የምታመጣው ትንኝ እንዳትራባበት። ለዛፎቹና ለሽንት ቤቱ ከዋለ የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ ይተርፋል። ስብሰባው ላይ የሚያስረዳ ሰው ካስፈለገ እኔ እመጣለሁ።